ከነጥብ በኋላ ያሉት አሃዞች፦ ሞለኪውልን መዝኖ ማንነቱን ማወቅ

ዝናብ ሲዘንብ ዓሦቹ ያልቃሉ። በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት፣ በፒውጄት ሳውንድ ዙሪያ ባሉ ጅረቶች ይህ ለብዙ ዓመታት የታየ ነገር ነው። ኮሆ የሚባለው የሳልሞን ዝርያ እንቁላሉን ለመጣል ከውቅያኖስ ወደ ተወለደበት ጅረት ይመለሳል። ጅረቱ ከተማ ውስጥ የሚያልፍ ከሆነ ግን፣ ዝናብ በጣለ በሰዓታት ውስጥ ዓሣው ሚዛኑን ይስታል። ወደ ላይ ወጥቶ አፉን ይከፍታል፣ በራሱ ዙሪያ ይሽከረከራል፣ ከዚያ ይሞታል። እንቁላሉ ገና ሆዱ ውስጥ ነው። በአንዳንድ ጅረቶች ከተመለሱት ዓሦች ከ40 እስከ 90 በመቶው እንዲህ አልቀዋል።

ተመራማሪዎቹ መጀመሪያ የሚያውቁትን መርዝ ሁሉ ፈተሹ። ከመንገድ ታጥበው የሚመጡ ብረቶችን፣ ከነዳጅና ከጭስ የሚወጡ ውህዶችን ቀላቅለው ዓሦቹን አስገቡባቸው። ዓሦቹ አልሞቱም። ትክክለኛውን የመንገድ ጎርፍ ሲያመጡላቸው ግን ሞቱ። ተጠርጣሪዎቹ ሁሉ ስማቸው በዝርዝር የሰፈረ ነበር። ገዳዩ ግን ዝርዝሩ ውስጥ አልነበረም።

ገዳዩን በመጨረሻ ያጋለጠው ሚዛን ነው። ሞለኪውልን የሚመዝን፣ ያውም ከነጥብ በኋላ እስከ አራተኛው አሃዝ ድረስ በትክክል የሚመዝን ሚዛን። ባለሙያዎቹ ከፍተኛ የመለየት አቅም ያለው ማስ ስፔክትሮሜትሪ ይሉታል። ስሙ ረጅም ነው፤ ሐሳቡ ግን ቀላልና ውብ ነው። ዛሬ ስለ ውሃችን፣ ስለ መድኃኒታችን፣ ስለ ጥንታዊ አጥንቶች ሳይቀር የምናውቀውን እየለወጠ ስለሆነ፣ ረጋ ብለን እንየው። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ክብደት እንዴት ማንነት ይሆናል?

ካርቦን 12፣ ሃይድሮጅን 1፣ ናይትሮጅን 14፣ ኦክስጅን 16። ትምህርት ቤት የተማርነው እንዲህ ነው። እውነተኛው ክብደት ግን እንዲህ የተስተካከለ ሙሉ ቁጥር አይደለም። ተራው ሃይድሮጅን 1.0078 ነው። ናይትሮጅን 14.0031 ነው። ኦክስጅን ደግሞ ከ16 ትንሽ ጎደል ይላል፤ 15.9949 ነው። ካርቦን 12 ብቻ በትክክል 12 ነው። እሱም የሆነው መለኪያው ራሱ እሱ እንዲሆን ስለተስማማን ነው።

ይህች ትርፍና ጉድለት ከየት መጣች? ፕሮቶንና ኒውትሮን በአቶሙ እምብርት ውስጥ ሲተሳሰሩ ኃይል ይለቃሉ። የወጣው ኃይል ደግሞ ከክብደታቸው ላይ ይቀነሳል። እያንዳንዱ ንጥረ ነገር የሚተሳሰርበት ጥንካሬ የየራሱ ስለሆነ፣ የሚጎድለውም የየራሱ ነው። እንግሊዛዊው ፍራንሲስ አስተን በ1919 ካምብሪጅ ውስጥ የመጀመሪያዎቹን ትክክለኛ መሣሪያዎች ሠርቶ ይህን መለካት ጀመረ። በ1922 የኬሚስትሪ ኖቤል ተሸለመ። አራት ሃይድሮጅን ከአንድ ሂሊየም በጥቂቱ እንደሚከብድ ያሳየውም የእሱ ልኬት ነው። አርተር ኤዲንግተን ይህን ይዞ ነበር በ1920 የፀሐይ ኃይል ከዚያች ልዩነት ሊመጣ እንደሚችል የተናገረው። አንዲት ትንሽ የአሃዝ ልዩነት ፀሐይ ለምን እንደምታበራ ፍንጭ ሰጠች ማለት ነው። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ይደንቀኛል።

አሁን ወደ ሞለኪውል እንምጣ። ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ ናይትሮጅን ጋዝና ኤቲሊን ሦስቱም በግርድፉ ሲመዘኑ 28 ናቸው። ተራ ሚዛን ላይ አንዱን ከሌላው መለየት አይቻልም። በትክክል ስንመዝናቸው ግን የመጀመሪያው 27.9949፣ ሁለተኛው 28.0061፣ ሦስተኛው 28.0313 ይሆናሉ። ከነጥቡ በኋላ ያለው ቁጥር የውስጣቸውን ነገር ይናገራል። ሃይድሮጅን የበዛበት ሞለኪውል ከሙሉ ቁጥሩ ከፍ ይላል። ኦክስጅን የበዛበት ዝቅ ይላል። ስለዚህ አሃዞቹን በደንብ ካነበብን፣ ሞለኪውሉ ከየትኞቹ አቶሞች፣ ከስንት ስንት እንደተሠራ በስሌት ልንደርስበት እንችላለን።

ይህ የ28 ነገር የመማሪያ መጽሐፍ ምሳሌ ብቻ አይምሰላችሁ። ሮዜታ የተባለችው የአውሮፓ መንኮራኩር በ2014 67ፒ የተባለችው ኮሜት (ጅራታም ኮከብ) ዘንድ ስትደርስ፣ የተሸከመችው መሣሪያ የኮሜቷን ጋዝ ሲመዝን 28 ላይ አንድ ሳይሆን የተለያዩ የክብደት ምልክቶች አየ። ካርቦን ሞኖክሳይዱ ብዙ ነበር። ናይትሮጅኑ ከጎኑ፣ በጣም ትንሽ ሆኖ ቆሟል። የመለየት አቅሙ ዝቅ ያለ መሣሪያ ቢሆን ኖሮ ትንሹ በትልቁ ተውጦ ይቀር ነበር። በ2015 ውጤቱ ሲታተም፣ በኮሜት ላይ የናይትሮጅን ሞለኪውል በቀጥታ ሲለካ የመጀመሪያው ሆነ። በዚያው ዓመት እዚያው ኮሜት ላይ የኦክስጅን ሞለኪውልም ተገኘ፤ 32 ላይ ከድኝና ከሜታኖል መሃል ተለይቶ። ማንም አልጠበቀውም ነበር።

የሚመዘነው እንዴት ነው?

ሞለኪውል ሚዛን ላይ አይቀመጥም። መጀመሪያ የኤሌክትሪክ ሙል ይሰጠዋል፤ አዮን ይሆናል። ከዚያ በኤሌክትሪክ ወይም በመግነጢስ መስክ ውስጥ እንዲንቀሳቀስ ይደረጋል። ቀላሉ ይፈጥናል፣ ከባዱ ይዘገያል። መሣሪያው በትክክል የሚለካው ክብደቱ ለኤሌክትሪክ ሙሉ ሲካፈል ያለውን ነው፤ ለዛሬ ጉዳያችን ግን ክብደት ብንለው አይጎዳንም።

ለብዙ ዘመን ትልቁ ችግር ፕሮቲንን የመሰለ ግዙፍና ስስ ሞለኪውል ሳይሰባበር ወደ አየር ማንሳቱ ነበር። አሜሪካዊው ጆን ፌን ፈሳሹን በቀጭን መርፌ በከፍተኛ ቮልቴጅ መርጨትን አሳየ። ጠብታዋ እየደረቀች ስትሄድ የኤሌክትሪክ ሙሉ ሞለኪውሉ ላይ ይቀራል። ጃፓናዊው ኮይቺ ታናካ ደግሞ በሌዘር ፕሮቲንን ሳይሰብር አስነሳ። ሁለቱም በ2002 ኖቤል ተካፈሉ። ከዚያ በኋላ ባዮሎጂ ወደ ሚዛኑ ገባች።

በመለየት አቅም ትልቁን ለውጥ ያመጣው ግን ኦርቢትራፕ ይመስለኛል። የፈጠረው አሌክሳንደር ማካሮቭ ነው፤ ገበያ ላይ የወጣው በ2005 ነው። መሃሉ ላይ እንዝርት የመሰለ ብረት አለ። አዮኖቹ በእንዝርቱ ዙሪያ እየዞሩ፣ በርዝመቱ ወዲያና ወዲህ ይመላለሳሉ። የምልልሱ ፍጥነት የሚወሰነው በክብደታቸው ነው። መሣሪያው አዮኑን አይነካውም፤ ሲመላለስ ዳር ያለው ብረት ላይ የሚፈጥረውን ደካማ የኤሌክትሪክ ሞገድ ብቻ ያዳምጣል። ብዙ ዘፋኝ አንድ ላይ ሲዘፍን የእያንዳንዱን ድምፅ ለይቶ እንደሚሰማ ጆሮ፣ ኮምፒውተሩ የተደባለቀውን ሞገድ በሒሳብ ይፈታዋል። ረዘም ላለ ጊዜ ባዳመጠ ቁጥር ይበልጥ ይለያል። ከዚህም የሚበልጥ አለ፤ አዮኖቹን በኃይለኛ መግነጢስ ውስጥ የሚያሽከረክር። ፍሎሪዳ ታላሃሲ ባለው ብሔራዊ የመግነጢስ ላብራቶሪ ያለው መሣሪያ መግነጢሱ 21 ቴስላ ነው፤ ቴስላ የመግነጢስ ጥንካሬ መለኪያ ነው። ድፍድፍ ነዳጅ የመሰለ፣ በአንድ ጠብታው በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ የተለያዩ ቀመሮች ያሉበት ነገር ሲመጣ ወደ እንደዚህ ያለው መሣሪያ ይኬዳል። እዚያ ሦስት ካርቦንን፣ ከአንድ ድኝና ከአራት ሃይድሮጅን መለየት ግድ ነው። የሁለቱ ልዩነት 0.0034 ብቻ ነው።

ትክክለኛነቱን ለመገመት ያህል፦ ጥሩ መሣሪያ የሚሳሳተው ከሚሊዮን አንድ ወይም ሁለት ክፍል ነው። 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው እንዲህ ባለ ሚዛን ላይ ቢወጣ ስህተቱ ከ60 እስከ 120 ሚሊግራም ገደማ ይሆናል። እዚህ ደረጃ ሲደረስ የአንዲት ኤሌክትሮን ክብደት እንኳ አይረሳም። ሞለኪውሉ አዮን ሲሆን ያጣት ኤሌክትሮን ካልተቀነሰች ስሌቱ ይዛነፋል።

ወደ ዓሦቹ ስንመለስ

ተመራማሪዎቹ ጥርጣሬያቸው ወደ መኪና ጎማ አዘነበለ። ጎማ ፍቀው፣ ብናኙን ውሃ ውስጥ ዘፍዝፈው፣ ውሃውን ለዓሦቹ ሰጡ። ሞቱ። ችግሩ ያ ውሃ ውስጥ ከ2000 በላይ የኬሚካል ምልክቶች መኖራቸው ነው። ስለዚህ ውሃውን ደጋግመው ከፋፈሉት። እያንዳንዱን ክፍል ዓሣ ላይ ሞከሩ። የማይገድለውን ጣሉ፣ የሚገድለውን እንደገና ከፈሉ። በእያንዳንዱ እርምጃ ሚዛኑ ምን እንደቀረ ይነግራቸዋል።

በመጨረሻ አንድ ጎልቶ የወጣ ነገር ቀረ። ክብደቱ 298.1681። ልብ በሉ፣ 298 ብቻ ቢሆን ኖሮ ብዙ ነገር ሊሆን ይችል ነበር። ለምሳሌ ከስብ የሚገኘው ሜቲል ስቴሬት 298 ነው። ግን በትክክል ሲመዘን 298.2872 ስለሆነ ወዲያው ከጨዋታ ውጭ ይሆናል። 298.1681 የሚወስደው ወደ አንድ ቀመር ነበር፤ 18 ካርቦን፣ 22 ሃይድሮጅን፣ 2 ናይትሮጅን፣ 2 ኦክስጅን። ይህን ቀመር ይዘው የጎማ ኬሚካሎች መዝገብ ውስጥ ቢፈልጉ፣ የለም።

እዚህ ላይ ማሽኑ ዝም ይላል፤ ሰው ማሰብ አለበት። ጎማ ውስጥ 18 ካርቦንና 2 ናይትሮጅን ያለው ነገር ምንድን ነው? 6ፒፒዲ የሚባል ኬሚካል አለ። ጎማ በአየር ውስጥ ባለው ኦዞን እንዳይሰነጣጠቅ የሚጨመር ነው፤ ለአሥርት ዓመታት በዓለም ዙሪያ ጎማ ውስጥ ሲገባ ኖሯል። የእሱ ቀመር 18 ካርቦን፣ 24 ሃይድሮጅን፣ 2 ናይትሮጅን ነው። ከገዳዩ የሚለየው ሁለት ሃይድሮጅን ጨምሮ፣ ሁለት ኦክስጅን ማጣቱ ነው። ታዲያ 6ፒፒዲ ሥራውን ሲሠራ፣ ማለትም ኦዞንን ሲጋፈጥ፣ ወደ ሌላ ነገር ቢለወጥስ? ንጹሕ 6ፒፒዲ ላይ ኦዞን ለቀቁበት። ያው ክብደት ወጣ። ያው ዓሣ ሞተ። አዲሱን ነገር 6ፒፒዲ-ኪኖን አሉት። ውጤቱ በ2020 መጨረሻ ይፋ ሆነ።

በኋላ በተደረገ ጠንቃቃ ልኬት፣ ከኮሆ ሳልሞኖቹ ግማሹን ለመግደል በአንድ ሊትር ውሃ 95 ናኖግራም እንደሚበቃ ታወቀ። ናኖግራም ማለት የግራም አንድ ቢሊዮንኛ ነው። በ2023 ዩሮክ፣ ፖርት ጋምብል ስክላላምና ፑያለፕ የተባሉት ነባር ሕዝቦች ለአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ አቤት አሉ። ሳልሞን ለእነሱ ምግብም፣ መብትም፣ ታሪክም ነው። ኤጀንሲው በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ አቤቱታውን ተቀበለ።

ይህን ታሪክ ያስረዘምኩት በምክንያት ነው። ማንም ፋብሪካ ውስጥ 6ፒፒዲ-ኪኖን አያመርትም።  መንገድ ላይ፣ ጎማና አየር ሲገናኙ በራሱ የሚፈጠር ነው። ስለዚህ በየትኛውም የቁጥጥር ዝርዝር ላይ ሊኖር አይችልም ነበር። የአብዛኛው ዓለም የውሃ ቁጥጥር ግን በዝርዝር ነው የሚሠራው። ላብራቶሪው እነዚህን 50፣ እነዚህን 100 ኬሚካሎች ፈልግ ይባላል፤ ይፈልጋል፤ ከሌሉ ውሃው ንጹሕ ነው ይባላል። የቁጥጥር ላብራቶሪዎች በብዛት የሚጠቀሙበት መሣሪያም ለዚሁ የተሠራ ነው። የተነገረውን ብቻ ነጥሎ ያያል፣ ሌላውን እንዲያልፍ ይለቀዋል። በሥራው ጎበዝ ነው፤ ርካሽም ፈጣንም ነው። ግን ያልተጠየቀውን አይመልስም።

ከፍተኛ የመለየት አቅም ያለው መሣሪያ በተለመደው አሠራሩ የመጣውን ሁሉ ይመዘግባል። አዮን መሆን የቻለና በክብደት ክልሉ ውስጥ ያለ ነገር ሁሉ ፋይሉ ውስጥ ይቀመጣል። ጥያቄው በኋላ ሊመጣ ይችላል። ለእኔ የዚህ ቴክኖሎጂ ትልቁ ቁም ነገር ይህ ነው።

በኖርዝ ካሮላይና ኬፕ ፊር ወንዝ ላይ የሆነውም ይህንኑ ያሳያል። ከወንዙ በላይ የፍሎሪን ኬሚካል ፋብሪካ አለ፤ ከታች ደግሞ ብዙ ሕዝብ ወንዙን ይጠጣል። ማርክ ስትራይናርና አንድሩ ሊንድስትሮም የተባሉ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲው ተመራማሪዎች ውሃውን ሲመዝኑ ከሙሉ ቁጥር ዝቅ የሚሉ ክብደቶችን ፈለጉ። ለምን? ፍሎሪን 18.9984 ነው፤ ከ19 ትንሽ ይጎድላል። የካርቦንና የሃይድሮጅን ሞለኪውሎች ብዙውን ጊዜ ከሙሉ ቁጥሩ ከፍ ይላሉ፤ ፍሎሪን የታጨቀበት ግን ዝቅ ይላል። ከእነዚህ የፍሎሪን ኬሚካሎች ታዋቂው ፒፎኣ ለምሳሌ 413.9737 ነው። ደግሞ እነዚህ ኬሚካሎች ቤተሰብ ናቸው። አንድ ካርቦንና ሁለት ፍሎሪን በተጨመረ ቁጥር ክብደታቸው በ49.9968 ይዘላል። እንደ ደረጃ ነው፤ አንዱን ደረጃ ካገኘህ ቀጣዩ የት እንዳለ ታውቃለህ። ተመራማሪዎቹ በ2015 ያሳተሙት ጽሑፍ፣ ከዚያ በፊት ማንም በወንዙ ውስጥ ያልፈለጋቸውን የፍሎሪን ውህዶች ዘረዘረ። የዊልሚንግተን ከተማ ሰው ግን ነገሩን ከጋዜጣ የሰማው በ2017 ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ዕውቀቱ ነበረ፤ የሚጠጣው ሰው ጋ አልደረሰም።

ኤጀንሲው በ2024 ለፒፎኣና ከዚያው ቤተሰብ ለሆነው ለፒፎስ በሊትር 4 ናኖግራም የሚል ገደብ አወጣ። የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት በ2018 ያወጣው ዝርዝር ደግሞ የዚህን ቤተሰብ አባላት ከ4,700 በላይ ያደርሳቸዋል። አንድ በአንድ ገደብ እያወጡ የሚዘለቅ አይመስለኝም።

አጥንትና ሽንት

ባዮሎጂ ውስጥ ይህ ሚዛን በብዛት የሚሠራው ፕሮቲን ላይ ነው። ፕሮቲኑ በኢንዛይም ይቆራረጣል፣ ቁርጥራጮቹ ይመዘናሉ፣ እንደገና ተሰብረው ስባሪዎቹ ይመዘናሉ። ከስባሪዎቹ ልዩነት የአሚኖ አሲዶቹ ቅደም ተከተል ይነበባል። እዚህም አራተኛው አሃዝ ሥራ አለው። ላይሲንና ግሉታሚን ሁለቱም ፕሮቲን ውስጥ 128 ናቸው። አንዱ 128.0950፣ ሌላው 128.0586። በግርድፍ ሚዛን ይምታታሉ፤ በጥሩ ሚዛን አይምታቱም።

የቲቤት አምባ ላይ ባይሺያ ከሚባል ዋሻ በ1980 አንድ መነኩሴ ያገኘው የመንጋጋ አጥንት ነበር። ዕድሜው ቢያንስ 160,000 ዓመት ነው። ዲኤንኤው ሙሉ በሙሉ ጠፍቷል። ፕሮቲን ግን ከዲኤንኤ ይበልጥ ይቆያል። በጥርሱ ውስጥ የቀረውን ኮላጅን የሚባል ፕሮቲን ሲመዝኑ ዴኒሶቫን የሚባለው የጠፋ የሰው ዘር ሆኖ ተገኘ። ይህ በ2019 ታተመ። ከዚያ በፊት የዴኒሶቫን ቅሪት የሚታወቀው ከአንድ የሳይቤሪያ ዋሻ ብቻ ነበር። በ2025 ደግሞ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ከተገኘ፣ ወደ 2 ሚሊዮን ዓመት ከሚጠጋ፣ ፓራንትሮፐስ ከሚባል የጠፋ የሰው ዘመድ የጥርስ ጠንካራ ሽፋን (ኢናሜል) ላይ ፕሮቲን ተነበበ። ሞቃት አገር ውስጥ ያን ያህል ዘመን የቆየ ዲኤንኤ ማግኘት የማይታሰብ ነው።

በነገራችን ላይ፣ ፕሮቲኑ በእርግጥ ጥንታዊ ነው ወይስ ከቆፋሪው እጅ የተነካካ ነው የሚለውም በክብደት ይፈተሻል። ፕሮቲን ሲያረጅ አንዳንዶቹ አሚኖ አሲዶቹ ይለወጣሉ፤ ክብደታቸው በ0.9840 ይጨምራል። ችግሩ፣ በተፈጥሮ የሚገኘው ከባዱ ካርቦን ሲገባም ክብደት በ1.0034 ይጨምራል። ሁለቱም አንድ የጨመሩ ይመስላሉ። የእርጅናን ምልክት ከዚህ ከባድ ካርቦን የሚለየው 0.0194 ነው።

ስፖርቱም ውስጥ ተመሳሳይ ነገር አለ። የኦሎምፒክ ናሙናዎች ለ10 ዓመት በማቀዝቀዣ ይቀመጣሉ። በ2008 ቤጂንግና በ2012 ለንደን ንጹሕ የተባሉ ብዙ ናሙናዎች በኋላ እንደገና ሲፈተሹ ከ100 በላይ ስፖርተኞች የተከለከለ መድኃኒት ወስደው ተያዙ። መሃል ላይ የተለወጠው ዕውቀቱና መሣሪያው ነው። አንዳንድ ስቴሮይዶች ሰውነት ውስጥ ሲፈጩ የሚተዉት፣ ለሳምንታት የሚቆይ ቅሪት እንዳለ ታወቀ። ሽንቱ ያው ነበር፤ ጥያቄው ግን አዲስ ነበር።

ሚዛኑ ሲያሳስት

ይህን ሁሉ ካልኩ በኋላ አንድ የሚያሳስበኝን ነገር መናገር አለብኝ። ረጅም አሃዝ ያለው ቁጥር ሰውን ያሳምናል። አራት አሃዝ ሲያዩ መከራከር ይከብዳል። አደጋው ያለው እዚያ ነው።

በ2019 መጨረሻና በ2020 ለስኳር ሕመም የሚሰጠው ሜትፎርሚን ውስጥ ኤንዲኤምኤ የሚባል፣ ለካንሰር ያጋልጣል ተብሎ የሚፈራ ኬሚካል አለ የሚል ዜና ወጣ። የቀን ገደቡ 96 ናኖግራም ነው፤ በጣም ትንሽ። አንዳንዶቹ ክኒኖች በእርግጥ ችግር ነበረባቸው፤ ከገበያም ተሰብስበዋል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ግን ልኬቶቹን ሲመረምር አንድ ወጥመድ አገኘ። መድኃኒቱ ሲመረት የሚያገለግል ዲኤምኤፍ የሚባል ማሟሚያ አለ። ተራው ዲኤምኤፍ 74 ላይ ይወጣል። ነገር ግን ከ1000 የናይትሮጅን አቶሞች 4 ያህሉ ከባዱ ናይትሮጅን 15 ናቸው። እሱን የያዘው ዲኤምኤፍ 75.0571 ላይ ይወጣል። ኤንዲኤምኤ 75.0553 ላይ ነው። ልዩነታቸው 0.0018። ሁለቱ ከመሣሪያው በተመሳሳይ ደቂቃ ከወጡና የመለየት አቅሙ በቂ ካልሆነ፣ ወይም ተንታኙ መስኮቱን ሰፋ አድርጎ ከከፈተው፣ ማሟሚያው እንደ መርዝ ይቆጠራል። መርዙ ከእውነቱ በላይ ይጋነናል።

አስቡት። አንድ ሰው ዜናውን ሰምቶ የስኳር መድኃኒቱን ቢያቆም፣ ከፈራው ነገር የባሰ ጉዳት ወዲያው ይደርስበታል። ከነጥብ በኋላ ያለችው ያቺ ትንሽ ልዩነት ወደ ሰው ሕይወት የምትገባው እንዲህ ነው።

ሌላው ገደብ ከዚህ ይጠልቃል። ክብደት ቀመርን ይነግራል እንጂ ቅርጽን አይነግርም። ሉሲንና አይሶሉሲን የሚባሉት አሚኖ አሲዶች አቶሞቻቸው በዓይነትም በቁጥርም አንድ ናቸው። የተቀጣጠሉበት መንገድ ብቻ ይለያያል። መሣሪያው 21 ቴስላ ቢሆን፣ 100 ቴስላ ቢሆን፣ ክብደታቸው እኩል ነው። ለመለየት መሰባበር፣ ወይም ቀድሞ በሌላ መንገድ ማጣራት፣ ወይም ንጹሑን ናሙና ገዝቶ ጎን ለጎን ማወዳደር ያስፈልጋል። ለዚህ ነው የዘርፉ ሰዎች ከ2014 ጀምሮ የእርግጠኝነት ደረጃ የሚጠቀሙት። ደረጃ 5 ማለት ትክክለኛ ክብደት ብቻ አለን ማለት ነው። ደረጃ 4 ቀመሩ ታውቋል ነው። እየወረደ ደረጃ 1 ሲደርስ፣ ከንጹሕ ናሙና ጋር ተመሳክሮ ተረጋግጧል ማለት ነው። ጋዜጣ ላይ "ውሃው ውስጥ 800 ኬሚካሎች ተገኙ" የሚል ርዕስ ስታዩ፣ ስንቶቹ ደረጃ 1 ናቸው ብላችሁ ጠይቁ። ብዙውን ጊዜ ጥቂት ናቸው።

ያልታወቀው ደግሞ ብዙ ነው። በ2015 የታተመ ግምገማ፣ ምንም ነገር ሳይመረጥ በጅምላ ከሚመዘን የሕያዋን ናሙና ከ100 ምልክቶች ስም የሚያገኙት 2 ያህሉ ብቻ እንደሆኑ አስልቷል። ከዚያ ወዲህ መዝገቦቹ አድገዋል፣ የኮምፒውተር ትንበያም ተሻሽሏል። ከቀሩት ምልክቶችም ብዙዎቹ የአንዱ ሞለኪውል የተለያየ ገጽታ ናቸው፤ አንዴ ከሶዲየም ጋር ተጣብቆ፣ አንዴ ውሃ ጥሎ ሲታይ። ቢሆንም ክፍተቱ ሰፊ ነው። ክፍተቱን የሚሞላው ማመሳከሪያ መዝገብ ነው። አንዳንዱ መዝገብ ለሁሉም ክፍት ነው፤ አንዳንዱ በክፍያ የተዘጋ ነው። መሣሪያው ራሱ እጅግ ውድ ስለሆነ በጥቂት ቦታ ይከማቻል። መዝገቡም ከተዘጋ፣ መሣሪያው ያለው ሰው እንኳ የሚያየውን ነገር ስም አያውቅም። እኔ በሕዝብ ገንዘብ የተለካ ነገር መዝገቡ ለሕዝብ ክፍት መሆን አለበት ከሚሉት ወገን ነኝ።

አንዳንዶች ይህን ሥራ ጀምረውታል። ኖርማን የሚባለው የአውሮፓ ላብራቶሪዎች ትስስር፣ ከወንዝና ከደለል የተወሰዱ ልኬቶች ሙሉ ፋይላቸው የሚቀመጥበት ቋት አለው። ናሙና ማቀዝቀዣ ይፈልጋል፤ ጊዜ ሲሄድም ይበላሻል። ፋይል ግን አይበላሽም። አዲስ ኬሚካል ስም ባገኘ ቀን፣ ትክክለኛ ክብደቱን ይዞ የድሮ ፋይሎችን መፈለግ ይቻላል፤ ወንዙ ጋ እንደገና ሳይኬድ።

6ፒፒዲ-ኪኖን ስም ባገኘ ጊዜም የሆነው ይኸው ነው። ተመራማሪዎቹ ከዚያ በፊት ከሲያትልና ከሎስ አንጀለስ መንገዶች፣ ከሳን ፍራንሲስኮ አካባቢ ጅረቶች ተወስደው የተቀመጡ ናሙናዎችን መለስ ብለው አዩ። 299.1754 ላይ ፈለጉ፤ ሞለኪውሉ አንድ ፕሮቶን ሲጨመርበት የሚወጣበት ቦታ ነው። እዚያው ነበር።